መሬት አትርገጡ

ጌም መሥራት ለሚፈልጉ ወጣቶች በተዘጋጀ የቅዳሜ ከሰዓት ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነው። «ጽሑፉን ላክልን» ያሉኝ ስለበዙ እንዳለ አስቀምጬዋለሁ። ማይክሮፎኑ የጮኸበትንና ውሃ የጠጣሁበትን ብቻ ቆርጬ አውጥቻለሁ።

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን ዋላችሁ?

አይ፣ ይሄ ምሳ የበላ ሰው ድምፅ ነው። እንደገና እንሞክር። እንደምን ዋላችሁ? እሺ፣ አሁን ተገናኘን።

አዘጋጆቹን ከልብ አመሰግናለሁ። ቅዳሜን የሚያህል ቀን ሰውታችሁ የመጣችሁትንም አመሰግናለሁ። ከኋላ ወላጆችም ተቀምጠው አያለሁ። እንኳን ደህና መጣችሁ። ልጃችሁ «ጌም ነው የምሠራው» ሲላችሁ ፊታችሁ ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ፤ እናቴ ፊት ላይ አይቼዋለሁ። እናቴን ዛሬ ደጋግሜ አነሳታለሁ። ስለ ጌም ዲዛይን የመጀመሪያውን ትምህርት የሰጠችኝ እሷ ናት። እየቀለድኩ አይደለም፤ እንደርስበታለን።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ጌም ነው። ሰንሴት ኦቨርድራይቭ ይባላል። ስንቶቻችሁ ተጫውታችሁታል? እጅ አውጡ እስኪ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አንተ ጓደኛህን አይተህ ነው ያወጣኸው፣ አውርድ። ሁለት ሰው! አልገረመኝም። እኛ ሰፈር ጌም ማለት ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ደህና ጆይስቲክ፣ አንድ ሳይነኩት ወደ ግራ የሚጎትት ጆይስቲክ፣ የተሸነፈ ይነሳል። የምንጫወተው ደግሞ ኳስ ነው። ኳስ፣ ኳስ፣ አሁንም ኳስ። ይሄኛው ጌም በፈረንጆቹ ኦክቶበር 28 ቀን 2014 ሲወጣ ማይክሮሶፍት ለሚሠራው ማሽን፣ ለኤክስቦክስ ዋን ብቻ ነበር። ለኮምፒውተር የደረሰው በኖቬምበር 2018 ነው። ፕሌይስቴሽን ላይ ጭራሽ አልወጣም። ታዲያ ከየት ይታይ?

እኔ ጋ የደረሰው በሻንጣ ነው። አጎቴ ከቨርጂኒያ ለክረምት ሲመጣ ኤክስቦክስ ይዞልኝ መጣ። በካልሲና በፎጣ ተጠቅልሏል፤ ከጎኑ የአክስቴ ሽቶና የእናቴ የደም ግፊት መለኪያ ነበር። አብሮት የመጣው ሲዲ አንድ ብቻ ነው። ኳስ ይሆናል ብዬ ስከፍተው ብርቱካንማ ነገር ሆኖ አገኘሁት። «ጋሼ፣ ኳስ የለውም?» አልኩት። «እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ፣ ሻጩ የሰጠኝ ይሄን ነው» አለኝ። ሁለት ቀን አኩርፌ አልነካሁትም። በሦስተኛው ቀን ከፈትኩት። ይኸው እስከ ዛሬ ስለሱ አወራለሁ።

ሦስት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛ፣ ይሄ ጌም መሬትን ለምን ጠላት አደረገ? ሁለተኛ፣ ከተማው እንዴት ለእግር ተብሎ ተሠራ? ሦስተኛ፣ የት ላይ ተሳሳቱ? በመሀል እኔ የተሳሳትኩትንም እነግራችኋለሁ፤ እሱ እንኳ ረዘም ይላል።

ላልተጫወታችሁት ታሪኩን በአጭሩ ልንገራችሁ። ሰንሴት ሲቲ የምትባል የፈጠራ ከተማ አለች። ዘመኑ 2027 ነው። ፊዝኮ የሚባል ድርጅት ኦቨርቻርጅ የሚባል አዲስ ኢነርጂ ድሪንክ ያወጣል። ለማስመረቂያው ትልቅ ድግስ ይደግሳል። የጠጣው ሰው ሁሉ እዚያው ቆሞ እያለ ወደ ብርቱካንማ ጭራቅ ይቀየራል። ድርጅቱስ ምን አደረገ? ከተማዋን ዘጋና «የቫይረስ ወረርሽኝ ነው» ብሎ አወጀ። የእኛ ባለታሪክ ማነው? ወታደር አይደለም። የተመረጠ ጀግናም አይደለም። በዚያ ድግስ ላይ ቆሻሻ የሚለቅመው የድርጅቱ ሠራተኛ ነው። ታሪኩ በቃ ይሄው ነው። ከዚህ በላይ ብዙ አትጠብቁ።

አሁን ወደ አንደኛው ነጥብ።

ጌሙን ስጀምር የተጫወትኩት ሌሎች የተኩስ ጌሞችን እንደምጫወት ነው። ያኔ የተኩስ ጌም ማለት ምን ነበር? ግድግዳ ሥር ትደበቃለህ፣ አንገትህን ታወጣለህ፣ ትተኩሳለህ፣ ትመለሳለህ። ራሱ ማይክሮሶፍት በ2006 ያወጣው ጊርስ ኦፍ ዋር ይሄን ስልት ዓለም ሁሉ እንዲለምደው አድርጓል። እኔም ከአንድ መኪና ጀርባ ተደበቅኩ። ጭራቆቹ መጡ፣ ከበቡኝ፣ ገደሉኝ። ተነሳሁ። ግድግዳ ሥር ተደበቅኩ። ገደሉኝ። እንደገና ተደበቅኩ። ገደሉኝ።

እናቴ አጠገቤ ምስር እየለቀመች ነበር። ቀና ብላ አይታ አታውቅም ብዬ ነው የማስበው። ድንገት «አንተ ልጅ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ መሬት ሲረግጥ ነው የሚሞተው» አለችኝ።

ምን አልኩ? ዝም አልኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ ጆይስቲክ ይዤ ያልገባኝ ለእሷ በምስር መሀል ገባት።

ልክ ነበረች። በዚህ ጌም ውስጥ በእግር መሄድ ሆን ተብሎ ደካማ ተደርጓል። ሰውየው መሬት ላይ ቀርፋፋ ነው። ጭራቆቹ ይደርሱበታል፣ ይከቡታል። ሰው ግን ከመሬት ሲነሳ ሌላ ፍጡር ይሆናል። የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ በጫማው ይንሸራተታል። ከሽቦው ሥር ተንጠልጥሎም ይሄዳል። የደረጃ መደገፊያ ብረት፣ የጣሪያ ጠርዝ፣ የባቡር ሐዲድ፣ ሁሉም መንገድ ነው። የመኪና ጣሪያ ላይ ሲያርፍ ይነጥራል። የሱቅ ሸራ ላይ ሲያርፍ ይነጥራል። ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ይሮጣል። ከፍ ካለ ሕንፃ ቢወድቅም አይጎዳም። ስሙኝ፣ ከፎቅ ወድቆ ምንም አይሆንም፤ መሬት ላይ ቆሞ ግን ይሞታል!

ይሄን ለማጠናከር የስታይል መለኪያ አስቀመጡ። ተንሸራተህ፣ ነጥረህ፣ ግድግዳ ሮጠህ፣ በመሀል ስትመታ መለኪያው ይወጣል። ሲወጣ የመረጥካቸው ተጨማሪ ኃይሎች ይነቃሉ። መሬት ላይ ስትዘገይ መለኪያው ይወርዳል፣ ኃይሎቹም ይተኛሉ። ይሄ እንግዲህ ምን ማለት ነው? ጌሙ «ተንቀሳቀስ» ብሎ ጽሑፍ አይለጥፍብህም። ቆመህ ስትገኝ ድሃ ያደርግሃል፤ ስትንቀሳቀስ ሀብታም ያደርግሃል። ሰው በምክር አይለወጥም፣ በኪሱ ግን ይለወጣል።

መሣሪያዎቹም እንደዚያው ናቸው። በሽቦ ላይ እየበረርክ የጠላትን ግንባር አነጣጥረህ መምታት ትችላለህ? አትችልም። ስለዚህ በደንብ ማነጣጠር የማይጠይቁ መሣሪያዎች ሰጡህ። አንዱ ዲናማይት የታሰረበት አሻንጉሊት ድብ ይተኩሳል። አንዱ የቦውሊንግ ኳስ ይወረውራል። አንዱ ሸክላ ይተኩሳል። አዎ፣ ሸክላ! የዘፈን ሸክላ፣ አባቶቻችን በጨርቅ ጠርገው በጥንቃቄ የሚያስቀምጡት። እሱ እየነጠረ ከአንዱ ጭራቅ ወደ ሌላው ይሄዳል። አባቴ ይሄን ሲያይ ምን እንደሚል አላውቅም፤ ደግነቱ ያኔ መስክ ላይ ነበር። እነዚህ ነገሮች ለሳቅ ብቻ የተደረጉ እንዳይመስላችሁ። ሰፊ ቦታ የሚመታ መሣሪያ ካልሰጡህ ለማነጣጠር ትቆማለህ። ከቆምክ ደግሞ ጌሙ ሞተ።

ብትሞትም ችግር የለም። የአሟሟቱ ቅጣት ትንሽ ነው። ትንሽ ቆይተህ ከሬሳ ሣጥን ፈንቅለህ ትወጣለህ፣ ወይም አንድ መኪና መጥቶ ወርውሮህ ይሄዳል። አመላለስህ ራሱ ቀልድ ነው። ትርምስ ያለበት ጌም እየሠራችሁ የመውደቅን ቅጣት ካከበዳችሁት ተጫዋቹ ይጠነቀቃል። የሚጠነቀቅ ሰው ደግሞ አይዘልም።

ወደ ሁለተኛው ልግባ። ይሄ ነው ዋናው፤ ሰዓት ቢያልቅብኝ እንኳ ይሄን ሳልጨርስ አልወርድም።

ሚኒባስ ላይ ረዳቱን አይታችሁት ታውቃላችሁ? ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ግን ልብ ብላችሁ አይታችሁታል? መኪናው ሳይቆም ይወርዳል። ሲወርድ ፊቱ መኪናው ወደሚሄድበት ነው። ሦስት አራት እርምጃ አብሮ ይሮጣል። ከዚያ ይቆማል። ሲነሳም መኪናው ቀድሞ ይሄዳል፣ እሱ ሮጦ ፍጥነቱን ካስተካከለ በኋላ በሩን ይዞ ይገባል። ፍጥነቱን አይጥለውም፣ ያስተላልፈዋል እንጂ።

እኔ አሥራ አራት ዓመቴ ላይ ይሄን ላድርግ አልኩ። ከሜክሲኮ ወደ ሳሪስ ነበር የምሄደው። በሩ ጋ ቆሜ «እዚህ ወራጅ!» አልኩ። ረዳቱ «ቆይ ይቁም» እያለኝ ዘለልኩ። የዘለልኩት ግን ፊቴን ወደ ኋላ አዙሬ ነው። የሆነውን መናገር አያስፈልገኝም። ቀኝ ክርኔ ላይ ምልክቱ አሁንም አለ። ረዳቱ ወርዶ አነሳኝ፣ አቧራዬን አራገፈልኝና «ወንድሜ፣ መኪናው ወደሚሄድበት ሩጥ እንጂ!» አለኝ። ይቺን አባባል ጌም ስሠራ ጠረጴዛዬ ላይ ጽፌ ለጥፌያት ነበር።

ሰንሴት ኦቨርድራይቭ ያ ረዳት ነው። ከሽቦ ወደ መኪና ጣሪያ፣ ከጣሪያ ወደ ግድግዳ፣ ከግድግዳ ወደ ሌላ ሽቦ ስትሄድ ፍጥነትህ አይቋረጥም። እንዴት አደረጉት? ሁለት ነገር ነው።

አንዱ ደስ የሚል ውሸት ነው። ብረቱ አጠገብ ስትደርስ የኤክስ ቁልፍን ትጫናለህ። በትክክል ብረቱ ላይ አላረፍክም፤ ትንሽ ወደ ጎን ነህ፣ ትንሽ ቀድመሃል። ጌሙ ግን ጎትቶ ያስቀምጥሃል። አንተ «አቤት ችሎታዬ!» ትላለህ። ሌሎች ጌሞችም እንዲህ ያደርጋሉ። ከገደል ጠርዝ ካለፍክ በኋላ ለቅንጣት ሰከንድ መዝለል የሚፈቅዱልህ አሉ። የእኔ ረዳት ይሄ ማግኔት ቢኖረው ኖሮ ክርኔ ደህና ይሆን ነበር።

ሌላው ከተማው ራሱ ነው። ብዙዎቻችን እንዴት ነው የምንሠራው? መጀመሪያ ያማረ ከተማ እንሠራለን፣ ከዚያ ውስጡ ሰው እናስቀምጣለን፣ ከዚያ «አሁን እንዴት ይሂድ?» እንላለን። እዚህ ግን ከተማው የተሠራው ለእግሩ ነው። ሽቦው እዚያ የተዘረጋው ለመብራት ሳይሆን ለአንተ ነው። መኪናው እዚያ የቆመው ሽቦው ሲያልቅ እንድትነጥርበት ነው። ሸራው እዚያ ያለው ከመኪናው ስትነሳ እንድታርፍበት ነው። ጥቂት ሰዓት ከተጫወታችሁ በኋላ ዓይናችሁ ይለወጣል። ቤት አታዩም፣ መንገድ ነው የምታዩት። እኔ ጌሙን በተጫወትኩ ሰሞን ከቤት ስወጣ ሽቦዎቹን ቀና ብዬ እያየሁ «ከዚህ ምሰሶ እስከዚያ ሱቅ...» እል ነበር። ጎረቤታችን እትዬ አንድ ቀን እናቴን ጠርተው «ልጁ ደህና ነው? ሰማይ ሰማይ ያያል» አሏት።

ሽቦ ካነሳሁ አይቀር አንዲት ነገር ልንገራችሁ። አንድ ማታ ትልቅ ተልዕኮ ላይ ነኝ። ረጅም የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ እየተንሸራተትኩ፣ ከሥሬ ጭራቅ እየተርመሰመሰ፣ መለኪያዬ ጫፍ ደርሷል። ድርግም! መብራት ሄደ። ጨለማ ውስጥ ጆይስቲክ ይዤ ቁጭ አልኩ። እናቴ ሻማ እየፈለገች «በሽቦው ላይ እንዲያ ስትጋልብበት ጊዜ ነው!» አለችኝ።

ይሄ የመንሸራተት ነገር ከሰማይ የወረደ አይደለም። በ1999 የወጣው ቶኒ ሃውክስ ፕሮ ስኬተር በስኬትቦርድ ብረት ላይ መንሸራተትን አስወደደ። በ2000 ሴጋ ያወጣው ጄት ሴት ራዲዮ ደግሞ በባለ ጎማ ጫማ ከተማ ውስጥ አመጣው። ከሁሉም በፊት ግን ጆርዳን ሜክነር የሚባል ወጣት ነበር። በ1985 ታናሽ ወንድሙን ሲሮጥና ሲዘል በካሜራ ቀረጸው። ከዚያ ምስሉን አንድ በአንድ እየተከተለ ወደ ኮምፒውተር ገለበጠው። በ1989 ፕሪንስ ኦፍ ፐርሺያ ሆኖ ወጣ። ሰውየው ሲዘል ክብደት ያለው የሚመስለው ለዚህ ነው፤ ክብደት ያለው ሰው ነው የዘለለው። ስቱዲዮ አልነበረውም። ወንድም ነበረው። ወንድም የሌለው ሰው አለ እዚህ? የአጎት ልጅስ?

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ፤ ቃል ገብቻለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጌም መሥራት ጀመርኩ። ፒያሳን የሚመስል ሰፈር ሠራሁ። የእንጨት በረንዳ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ዳገቱ፣ ድንጋይ ንጣፉ። ስምንት ወር ፈጀብኝ። መስኮቶቹን አንድ በአንድ ነው የሣልኳቸው። ያየ ሁሉ «አቤት!» አለ። እኔም ኮራሁ። ከዚያ የእህቴን ልጅ ጠራኋት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ ስለ ሰው ስሜት አትጨነቅም። ላፕቶፑን ሰጠኋት። ወደ ቀኝ ሄደች። ወደ ግራ ሄደች። ዳገቱን ወጣች። ሁለት ደቂቃ አልሞላም። «አጎቴ፣ አሁን ምን ላድርግ?» አለችኝ። «እይው እስኪ፣ መስኮቱን እይው» አልኳት። «አየሁት» አለችኝና ላፕቶፑን አስቀምጣ ተነሳች።

ተነስታ ምን አደረገች? ሶፋው ላይ ወጣች። ከሶፋው ወደ ዱካው ዘለለች፣ ከዱካው ወደ ፍራሹ፣ ከፍራሹ ወደ በሩ ጋ ወዳለው ጆንያ። ሽንኩርት ነው ጆንያው ውስጥ ያለው። እህቴ ከጓዳ ትጮሃለች። «ምን እየሠራሽ ነው?» አልኳት። «መሬቱ ውሃ ነው፣ አዞ አለበት፣ አትርገጥ!» አለችኝ። ግማሽ ሰዓት ተጫወተች። በሽንኩርት ጆንያ!

እስኪ አስቡት። ስምንት ወር የሠራሁት ፒያሳ ሁለት ደቂቃ፤ ሶፋና ሽንኩርት ግማሽ ሰዓት። የእኔ ከተማ ለዓይን ነበር የተሠራው። የእሷ ሳሎን ግን ለእግር ነው። ሰንሴት ኦቨርድራይቭን አይታው አታውቅም፤ ግን ራሷ ፈጠረችው።

በማግሥቱ ፒያሳን ዘጋሁት። አልሰረዝኩትም፣ ልቤ አልቻለም። አዲስ ፋይል ከፈትኩና ግራጫ ሳጥኖች ደረደርኩ። ሰው የለም፣ መስኮት የለም፣ ቀለም የለም። አንድ ሳጥን ከአንድ ሳጥን ወደ ሌላ ሳጥን ሲዘል ደስ እስኪል ድረስ ሌላ ምንም አልሠራም አልኩ። አንድ ወር ፈጀ። የዝላዩን ከፍታ ብቻ ስንት ጊዜ እንደቀየርኩት አልቆጠርኩትም። የእኛው ቅኔ ጌምስ ኩኩሉ ብሎ የሠራትን የምትሮጥ ዶሮ የተጫወታችሁ ታውቃላችሁ፤ ዶሮዋ ከሮጠች ሌላው ይከተላል። ልጅቷን እንደገና ጠራኋት። ግራጫ ሳጥን ሰጠኋት። ሃያ ደቂቃ ዝም ብላ ተጫወተች። ከዚያ «ቀለም የለውም?» አለችኝ። ያን ጊዜ ነው ቀለም የጀመርኩት።

ሁለተኛውን ሳልዘጋ አንድ የቴክኒክ ነገር ልጨምር። ፕሮግራመሮች አላችሁ አይደል? ፍጥነት የጣት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሃርድ ዲስክም ጉዳይ ነው። ሰው በቀስታ ሲሄድ ኮምፒውተሩ የሚቀጥለውን ሰፈር ለማምጣት ጊዜ አለው። ሲበር ግን የለውም። የድሮው ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር ሳህን ነው፤ አንባቢው ክንድ ከቦታ ቦታ ሲሄድ ጊዜ ይበላል።

ሰንሴትን የሠራው ኢንሶምኒያክ ጌምስ ነው፤ የካሊፎርኒያ ስቱዲዮ፣ በ1994 የተመሠረተ። ይኸው ስቱዲዮ በሴፕቴምበር 7 ቀን 2018 ለፕሌይስቴሽን 4 ስፓይደርማንን አወጣ። አሁን ሁላችሁም ነቃችሁ! እሱን ያልተጫወተ የለም። የፕሌይስቴሽን 5 መሐንዲስ ማርክ ሰርኒ በማርች 2020 ባደረገው ንግግር ስለዚሁ ጌም አንድ ነገር ተናግሯል። በሃርድ ዲስኩ ላይ አንዳንዱ ዳታ እስከ 400 ጊዜ ተባዝቶ ተቀምጧል። ለምን? መንገድ ዳር የቆመች የፖስታ ሣጥን በየሰፈሩ አለች። አንባቢው ክንድ ለእሷ ብሎ ወዲያ ወዲህ እንዳይል ከየሰፈሩ ዳታ ጋር አብራ ተቀመጠች። ባለሱቅ የሆነ ሰው ይገባዋል። ክብሪት በሁሉም መደርደሪያ ላይ ካለ ልጁ ጓዳ አይመላለስም። ቦታ ያባክናል፣ ጊዜ ግን ያተርፋል።

በ2019 ይኸው ሰርኒ ለጋዜጠኛ ሲያሳይ፣ በስፓይደርማን ከአንድ የከተማው ጫፍ ወደ ሌላው ለመዝለል በድሮው ማሽን 15 ሰከንድ የፈጀው በአዲሱ 0.8 ሰከንድ ሆኗል። አዲሱ የሚሽከረከር ሳህን የለውም፤ ሜካኒካል ክንድ የለማ! ስልክ ላይ የምትሠሩ ይሄ አይመለከተንም እንዳትሉ። ርካሽ ስልክ ላይ የማስታወሻ ካርድ ምን ያህል እንደሚያንቀራፍፍ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። የባለታሪካችሁን ፍጥነት ከመወሰናችሁ በፊት ስልኩ ምን ያህል ቶሎ እንደሚያመጣ ለኩ።

ስፓይደርማንን ደግሞ እናቴ አይታዋለች። የሰፈራችን ፕሌይስቴሽን ቤት ስገባ ተከትላኝ መጣች፣ ለሥራ ልትጠራኝ። በር ላይ ቆማ ስክሪኑን አየች። «ይሄኛውም መሬት አይረግጥም!» አለች። ማን ነገራት? ያ ሰፈራችን ያልገባው ጌም በልጁ በኩል ገባ። ሽቦው ድር ሆነ፣ ብርቱካንማው ቀይ ሆነ። ስቱዲዮውን የፕሌይስቴሽን ባለቤት ሶኒ ገዛው፤ ግዢው በኦገስት 2019 ተነገረ፣ ዋጋው 229 ሚሊዮን ዶላር መሆኑ ደግሞ በኋላ ታወቀ። ክፍት ከተማ ውስጥ እንዴት በፍጥነት እንደሚኬድ የተማሩት ግን በዚያ የጭራቅ ጌም ነው።

ሦስተኛው ነጥብ። አዘጋጁ ሰዓቱን እያሳየኝ ነው፣ አይቼሃለሁ፣ አመሰግናለሁ። በፍጥነት።

የተሳሳቱት የት ነው? እኔ እንደማየው ሁለት ቦታ። በየጊዜው ሌሊት ላይ ምሽግ ጠብቅ ይሉሃል። ወጥመድ ትተክላለህ፣ ጭራቆቹ በማዕበል ይመጣሉ፣ አንተ አንድ ግቢ ውስጥ ትሽከረከራለህ። የዓለምን ፈጣን እግር ሰጥተውህ ዘበኛ አደረጉህ! አንዳንድ ሰው ይወደዋል። እኔ ግን በየጊዜው «መቼ ነው የሚነጋው?» እያልኩ ነው የጨረስኩት። ደግሞ አንዳንዶቹን ዋና ችሎታዎች፣ በአየር ላይ መወንጨፍና ውሃ ላይ መሮጥን፣ ቀስ ብለው በታሪኩ መሀል ነው የሚሰጡህ። መጀመሪያ ላይ ሰልችቶት የተወው ሰው ይሄን ሳያይ ሄደ።

ቀልዱም አለ። ባለታሪኩ ጌም ውስጥ መሆኑን ያውቃል፤ በየደቂቃው ስለሱ ይቀልዳል። ከአሥሩ ሦስቱ ያስቃል። ስድቡ ግን ይበዛል። ወላጆች፣ ይሄን ለእናንተ ነው የምለው፦ አሜሪካ ውስጥ ለ17 ዓመትና ከዚያ በላይ ተብሎ ነው የተመደበው። ሽፋኑ የልጆች ካርቱን ስለመሰለ አትሸወዱ። የእህቴን ልጅ እኔ አላስነካኋትም፤ ሽንኩርቱ ይበቃታል።

ጥያቄ ካላችሁ ከሻይ በኋላ እዚሁ ነኝ። አሁን ግን ወሬ በቃ። ላፕቶፑን ይዤ መጥቻለሁ። ሁለት ፋይል አለው። አንዱ ሰንሴት ነው፣ አንዱ የእኔ ግራጫ ሳጥን። የእኔን ጀምሩና ምን እንደሚያሰለቻችሁ ንገሩኝ፤ «ጥሩ ነው» ያለኝን ሰው ሻይ አላጠጣውም። ፒያሳውን ማየት የሚፈልግ ካለም አለ፤ መስኮቶቹ አሁንም ያምራሉ።

ጆይስቲኩ ይኸው። እንዳታስቡ፣ ወደ ግራ አይጎትትም። ማን ይጀምራል? አንቺ፣ ቢጫ ሹራብ የለበስሽው፣ ነይ። ቶሎ በይ፣ መብራት ሳይሄድ።